ለሰሌዳ ሲባል እንድትነቀል ስለተፈረደባት ቁርቁራ

ለተከበሩ አቶ ኢሳያስ
የዳርሰይት የሀገር በቀል ተክል ተማማሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሊቀመንበር፣

ከሁሉ በፊት፣ ማኅበራችን ባጸደቀው የሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቆሜ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? በየሱቁ በር ግንባርዎ ላይ የሚደገነው ሙቀት መለኪያ በጎ በጎውን ብቻ እንዲናገር፣ ሳልዎ የአቧራ ብቻ እንዲሆን፣ ማስክዎም አንድ ቀን ከአገጭዎ ተነስቶ አፍንጫዎን ለማየት እንዲበቃ ዘወትር ዱዓ አደርጋለሁ። እኛም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከደህንነታችን የጎደለ ነገር ቢኖር እርስዎ ዘንድ ስላለ፣ ይህን የምጽፈው እሱን ለመጠየቅ ነው።

ምናልባት ከሥራ ብዛት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ እኔ መሀቡባ ነኝ፤ ከሕንጻችን ምድር ቤት ባለው የሴቶች ሳሎን ጸጉር የምሠራው፣ የስብሰባ ንግግርዎን ሲለማመዱ ድምፅዎ በመስኮት የሚደርሰኝ የታች ጎረቤትዎ። ደብዳቤውን ሊፍት ውስጥ መለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። ጥያቄዬን በማኅበራችን ዋትስአፕ ላይ በትሕትና አቅርቤ ነበር፤ እርስዎ ግን ወዲያው ግሩፑን «አድሚን ብቻ ይጻፍ» ብለው ቆለፉት። ጆሮ ዳባ ልበስ ላለ ሰው ዓይኑ የሚያርፍበትን ቦታ ስፈልግ ከሊፍቱ መስታወት የተሻለ አላገኘሁም። መስታወቱን እንደሚወዱት ሕንጻው ሁሉ ያውቃል።

ሊፍት ውስጥ ቆሞ ለሚያነብ እንግዳም ነገሩ እንዳይምታታበት በአጭሩ ላስረዳ። ከሕንጻችን ጀርባ ያለውን ጠባብ ቦታ ባለ ሕንጻው፣ ደጉ ዓረብ ሽማግሌ፣ ኮሮና ወደ መስከት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው የዚህን አገር ተክል እየተከልን እንድንማርበት ፈቀዱልን፤ ስድስት ችግኝም ራሳቸው አመጡልን። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ በሕይወት ያለችው ተክል አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም በበሩ አጠገብ የቆመችው ቁርቁራ፣ ዓረቦቹ ሲድር የሚሏት። እርስዎ ደግሞ ባለፈው ሐሙስ በላኩልን የድምፅ መልእክት፣ በመጪው ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይህች «እሾሃም ቁጥቋጦ» ከሥሯ ተነቅላ፣ በቦታዋ «የሀገር በቀል ተክሎች መማሪያ» የሚል ሰሌዳ እንዲቆም አዘዋል። ወይ ጉድ! ያለችንን አንዲት ሀገር በቀል ነቅለን፣ ሀገር በቀል እዚህ አለ የሚል ሰሌዳ ልንተክል ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት እርስዎ ሊቀመንበር ከመሆንዎ በፊት የተተረተ መሆኑ ያስገርመኛል።

እንግዲህ ቅሬታዬን ከምስጋናዬ ጋር አዋዝቼ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ተራ እንደሚወዱ አውቃለሁና።

አንደኛ፦ ስለ ትምህርቱ። ሰፈራችን ያለበት መትራህ በኬላ ተዘግቶ፣ እኔ ከሳሎኑ፣ እርስዎም የሠርግ ወንበር ከሚያስደረድሩበት የሆቴል ባንኬት አዳራሽ ርቀን ቤት በተቀመጥንበት በዚያ የጭንቅ ወቅት፣ በየዓርቡ በዙም የተክል ትምህርት ስለሰጡን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ተክል እንደ ሠርግ ወንበር በአንድ መስመር መደርደር እንዳለበት፣ የአትክልት ቦታ «ስታንዳርድ» እና «ፕሮቶኮል» እንደሚያስፈልገው፣ አካፋ በቀኝ ባልዲ በግራ እንደሚቀመጥ ተምረናል። ማሳያ አድርገው ያቀረቧት የሆቴሉ የፕላስቲክ አበባም፣ ካሜራ ፊት ያን ያህል ውሃ ጠጥታ ቅጠሏ አለመበላሸቱ እስከ ዛሬ ይደንቀናል። ቅር ያሰኘን ትንሽ ነገር ቢኖር፣ ጋፍ የሚሉት የበረሃ ዛፍ ሥሩ ወዴት እንደሚሄድ፣ ሬት በየትኛው ወር እንደሚተከል ልንጠይቅ አፋችንን ስንከፍት የዙሙ አርባ ደቂቃ እያለቀ መዘጋቱ ነው። የመግቢያ ንግግርዎ ግን አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም፤ ለዚህም ፈጣሪ ይመስገን።

የሆነው ሆኖ ጥቂት ነገር እርስ በርሳችን ተማምረናል። ባለ ሕንጻው «ሰምር» ብለው ያመጡልን ችግኝ ለካ ግራር ኖሯል፤ «ሰብር» ያሉትም የራሳችን ሬት። እኛ የወሎ ቆላ ልጆች ባሕር ተሻግረን የመጣንበት አገር ተክሎቹ ዘመዶቻችን ሆነው ሲገኙ እንዴት ደስ እንዳለን ልነግርዎ አልችልም። ያን ጊዜ እርስዎ ስለ ወንበር አደራደር እያስተማሩ ስለነበር አልሰሙንም።

ሁለተኛ፦ ስለ ውሃው። እዚህ ላይ የእርስዎን አስተዳደራዊ ችሎታ ሳላደንቅ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ባለ ሕንጻው ችግኞቹን ሲያስረክቡ የነገሩን አንድ ነገር ነበር፤ ሥር እስኪይዙ በሳምንት አንድ ጊዜ ውሃ ይበቃቸዋል፣ ከዚያ ወዲያ ይቀነስ አሉ። እርስዎም ይህን ምክር ወደ መመሪያ ሲለውጡት፣ «እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንድ ጊዜ ያጠጣ» ብለው አወጁልን። አባላቱ ብዙ ነን፤ ታዛዦችም ነን። በዚያ ላይ ፀሐፊያችን ሃና በርበሬ ሸቷት ባስነጠሰች ማግስት፣ በአትክልት ቦታው ከአንድ ሰው በላይ እንዳይገኝ፣ ተራ የያዘው ሳይወጣ ሌላው እንዳይገባ፣ ይህም «ሊቀመንበሩንም ጨምሮ» እንደሚሠራ በገዛ ድምፅዎ ደነገጉ። «ሊቀመንበሩንም ጨምሮ» ያሉባትን ቃና ሁላችንም እናስታውሳታለን፤ እጅግ ግርማ ነበራት። የሕንጻው ጠባቂ ሀሩን መጥረጊያውን ሊያነሳ ገባ ሲል ያለ ተራህ ብለው እንደመለሱትም አንረሳም።

እናም እያንዳንዳችን በየተራችን፣ ብቻችንን፣ ባልዲያችንን አንጠልጥለን መጣን። መሬቱ ጭቃ ሆኖ ይጠብቀናል። አንዷ የኤሲ ውሃ ነው ትላለች፤ አንዱ ቧንቧው ያፈሳል ይላል፤ ግን ሳያጠጣ ቢመለስ ሰነፍ እንዳይባል ይሉኝታ ይዞት ባልዲውን ገልብጦ ይሄዳል። እኔም ገልብጬ ሄጃለሁ። እንደ ቀድሞው አብረን እየተሰባሰብን ቢሆን ኖሮ አንዳችን በአንዳችን እጅ ያለውን ባልዲ አይተን በሳቅ እንሞት ነበር፤ ችግኞቹም ይድኑ ነበር። በድንጋይ ላይ መብቀል የለመደችው ሬት አብጣ ፈረጠች፤ ግራሩ ቢጫ ሆነ፤ ጋፉ በቆመበት ሸተተ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እነዚያ ምስኪኖች ግን ለመሳቅ እንኳ ፋታ አላገኙም። ዝናብ ብርቅ በሆነበት በመስከት ተክል አስምጦ መግደል የቻለ ማኅበር ከእኛ በፊት ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። እርስዎ ግን በሪፖርትዎ ጥፋቱን በፀሐይ አሳበቡ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ፀሐይዋ መልስ መስጫ ስለሌላት እኔ ስለ እሷ አቤት እላለሁ።

ሦስተኛ፦ ስለ ፎቶው። ከዚያ ሁሉ እልቂት በኋላ፣ ሆቴልዎ ሠራተኞቹ በቤታቸው ሳሉ ያከናወኑትን በጎ ሥራ እንዲያሳዩ ሲጠይቅ፣ እርስዎ ያንን ደማቅ ሱፍዎን ለብሰው ወረዱና ከቁርቁራዋ ጎን ቆመው ፎቶ ተነሱ። «በማኅበሩ የቅርብ ክትትል የለመለመ» የሚል ጽሑፍም አስከተሉበት። የምስጋና ወረቀቱን ሲቀበሉ ዓይንዎን በጨው አጥበው መሆን አለበት፤ ከዚያ በፊት ያችን ተክል ዞር ብለው አይተዋት አያውቁምና። ለፎቶው ሲሆን ሀገር በቀል፣ ለሰሌዳው ሲሆን እሾሃም ቁጥቋጦ፤ የቁርቁራ ማዕረግ በእርስዎ ቢሮ እንዲህ ይወጣል ይወርዳል።

በነገራችን ላይ፣ ያን ዕለት ከፎቶው በኋላ በድንገት ዞር ሲሉ እሾኋ የሱፍዎን ሱሪ ከኋላ በኩል ይዞ ያደረገውን ነገር ማናችንም አላየንም። በረንዳ ላይ የነበርነውም አላየንም። ስልኳን የደገነችውም ልጅ አላየችም። ስለዚህ የመንቀሉ ትእዛዝ ከሱሪዎ ጋር አንዳች ግንኙነት አለው ብሎ የሚያወራ ካለ እኔው ራሴ ቀድሜ እሞግተዋለሁ።

አራተኛ፦ ስለ ተካይዋ። ይህን ቁጥር እንደ ሌሎቹ በጨዋታ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ቁርቁራዋን የተከለቻት ሱፊያ ናት፤ የባቲዋ። ቦሻር ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ለዓመታት ሠርታ፣ ኮሮናው ሲገባ አሠሪዎቿ ኻላስ፣ በቃ ብለው ሲያሰናብቷት፣ አውሮፕላን እስኪከፈት እኔ ክፍል አብራኝ ተቀመጠች። መዳሟ ስትለያት የሰጠቻት አንድ ከረጢት የቁርቁራ ፍሬ ነበር፤ አገሯ ያለ መስሏት በደስታ ይዛው መጣች። እኔ ጋ ሳለች እናቷ ባቲ ላይ አረፉ፤ አላህ ይርሃማቸው። አየር ማረፊያው ዝግ፣ መንገዱ ኬላ፣ ጎረቤት እንኳ ገብቶ አጠገቧ ሊቀመጥ የማይችልበት ጊዜ። ሰው ሁሉ ከበሩ ውጭ ቆሞ ነው «አላህ ያጽናሽ» ያላት። ውስጥ አብሬያት የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

እሷ ወደ ቤቷ ደውላ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ጀናዛ የሚታጠበው በቁርቁራ ቅጠል በተዘጋጀ ውሃ ነው፤ ቅጠሉን አግኝታችሁላታል ወይ አለች። አግኝተናል አሏት። ስልኩን ዘግታ ከከረጢቱ አንድ ፍሬ አወጣች፤ በላችው፤ ስትጨርስ ድንጋይ የመሰለ ዘሩን ይዛ ወረደችና በበሩ አጠገብ፣ ከቧንቧው ርቆ ማንም ባልዲ ይዞ በማይደርስበት ደረቅ መሬት ቀበረችው። እኔ ከመስኮት ሆኜ እያየኋት አለቀስኩ። ለእናቷ ማድረግ የቻለችው እሱን ብቻ ነበር።

በክረምቱ አውሮፕላን ሲገኝ ወደ አገሯ ገባች። የሄደችው ቡቃያዋ ገና ጣት ሳታክል ነው፤ አደራ ብላኛለች። ከዚያ ወዲህ በየዓርቡ በድምፅ መልእክት የምትጠይቀኝ አንድ ነው፤ ቁርቁራዬ እንዴት ናት፣ ፎቶ ላኪልኝ። እልክላታለሁ። ዛሬ ወገቤ ላይ ደርሳለች፤ ማሻአላህ። እንዴት ዳነች ቢሉኝ፣ አዋቂ ሆኜ እንዳይመስልዎ፤ ሚስጥር ስለነበረች ብቻ ነው። ሌላ የሚያውቅ ስላልነበረ፣ አንድ ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ አጠጣት፤ ልክ ሽማግሌው እንዳሉት። ለማኅበሩ ነግሬ ቢሆን ኖሮ በፍቅር ብዛት እሷንም አስምጠናት ነበር።

እና ክቡር ሊቀመንበር፣ በመጪው ዓርብ ሱፊያ ስትጠይቀኝ ምን ልላክላት? የሰሌዳ ፎቶ? እናቱ ሞታ ያልቀበረ ሰው ምን እንደሚሆን እርስዎም ሳያውቁት አይቀርም፤ እኔም አብሬያት ስለኖርኩ አውቀዋለሁ። ያችን ተክል አይንቀሏት። የምለምንዎ ይህንኑ ነው፤ ከዚህ በላይ የተደበቀ ነገር የለውም።

አምስተኛ፦ ስለ ሰሌዳው። ከደረጃው ሥር ተደግፎ ስላየሁት በቅርበት ለማድነቅ ዕድል አግኝቻለሁ። «ሀገር በቀል ተክሎች» ከሚለው ጽሑፍ በላይ የተሳለችው አበባ ቱሊፕ ትባላለች አሉ፤ በረዶ ባለበት አገር ነው የምትበቅለው። ከጽሑፉ በታች ያለው የእርስዎ ስም ደግሞ ከርቀት ይነበባል፤ እንዲያውም ከጽሑፉ ቀድሞ ይነበባል። ሱብሃነላህ፣ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ቆሞ ማየት የማይፈልግ ማን አለ? ግድግዳው ላይ ይሰቀል። ቧንቧው አጠገብ ይቁም፤ እዚያ ነፍሳቸውን ይማርና የስድስቱም ችግኞች ቦታ ክፍት ነው። የትም ቢተክሉት ደግሞ እኛ አባላት ኃላፊነታችንን እንደማንዘነጋ ከወዲሁ ቃል እንገባለን፤ ሰሌዳውን እያንዳንዳችን በሳምንት አንድ ጊዜ እናጠጣዋለን።

እንግዲህ ጊዜዎን አልሻማም፤ ሊፍቱም እርስዎ ፎቅ ሳይደርስ አይቀርም። በሩ ሲከፈት ረጋ ብለው ይውጡ። ፈጣሪ ለእርስዎም ለሆቴልዎም የድሮውን ሠርግና ድግስ ይመልስልዎ፤ ወንበር ሲደረድሩ ማየት ለእኛም ለተክሎችም ዕረፍት ነውና። ሹመትዎ ይጽና፣ ሱሪዎም ይጽና።

ትእዛዝዎን ሁሉ ከመጠን በላይ በመፈጸም የምትታወቀው፣ ከእግርዎ ሥር ነዋሪና የባልዲዎ ባለሟል፣

መሀቡባ
ዳርሰይት፣ የካቲት ፳፻፲፫ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሀሩን ለዓርብ መቆፈሪያ እንዲያዘጋጅ እንዳዘዙት ሰምተናል። እሱም መመሪያዎን ስለሚያከብር፣ ያለ ተራ ላለመግባት የተራ መዝገቡን ወደምትይዘው ሃና ሄዶ ነበር። ሃና ያየችው ግን የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ከሆቴል ሥራ የተቀነሱትም፣ ሳሎን ውስጥ የቀሩትም ሴቶች በድንገት የተክል ፍቅር አድሮባቸው፣ ከነገ ጀምሮ ያለውን ሰዓት ሁሉ በየተራ ይዘውታል። ባልዲ ማንም አይዝም፤ ወንበር ብቻ። የሚቀጥለው ክፍት ሰዓት ከዒድ በኋላ ነው፤ ሲደርስ እናሳውቅዎታለን።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ያሏት ያቺ ሰዓት ደግሞ የሱፊያ ተራ ናት። ስልኩን አጥሩ ላይ አስረን፣ ፊቱን ወደ ቁርቁራዋ አዙረን በዙም ትገባለች፤ ከባቲም ቢሆን አንድ ሰው አንድ ሰው ነው ብላ ሃና ወስናለች። ኔትወርክ ከጠፋ እስኪመጣ እንጠብቃለን፤ አርባው ደቂቃ ሲያልቅም እንደገና እንከፍትላታለን። እሷ ሳትወጣ ማንም አይገባም፤ ሊቀመንበሩንም ጨምሮ። ሱፊያም አልቸኩልም ብላለች።